ስለ ድሮ የጡብ እርሻ ቤቶች፦ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ ለምትኖሩ ወገኖቻችን ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የድሮ የጡብ ቤት ለገዛችሁና ለመግዛት ለምታስቡ ወገኖች፣ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች፣ ለእድሳት ሥራ ተቋራጮች

ጉዳዩ፦ የድሮ የጡብ ግንብ በሲሚንቶ እንዳይጠገን፣ ዕድሜውም ሳይመረመር እንዳይፈርስ ስለመጠየቅ

ውድ ወገኖቻችን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በድሮ ጡብና በኖራ ጥገና ሥራ ላይ የተሰማራን ግንበኞችና የቅርስ ቤት ባለሙያዎች ነን። ለመኖሪያም ሆነ ለቤተ ክርስቲያን ሰፋ ያለ መሬት ሲገዛ፣ አንዳንድ ጊዜ ከመሬቱ ጋር ያረጀ የጡብ እርሻ ቤት አብሮ ይመጣል። ግንቡ ነጭ ጨው አውጥቷል፣ ጭስ መውጫው ዘንበል ብሏል፣ የጡቡ መገጣጠሚያ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ያየው ሁሉ የሚመክረው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ይፍረስ፣ ወይ በሲሚንቶ ይደፈን። ሁለቱም ጉዳት እንደሆኑ በማስረጃ ማሳየት እንፈልጋለን። በደብዳቤው ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የአንድ ቤት ታሪክ እናንሣ። በቨርጂኒያ ቢች ከተማ፣ በሊንሄቨን ወንዝ አካባቢ፣ የቶሮጉድ ቤት የሚባል አነስተኛ የጡብ ቤት አለ። ከታች ጥቂት ክፍሎች፣ ከላይ በጣሪያው ሥር መኝታ ቤቶች አሉት፤ በሁለቱ ጫፎች ግዙፍ ጭስ መውጫዎች ቆመዋል። ቤቱ ስሙን ያገኘው ከአዳም ቶሮጉድ ነው። ይህ ሰው በ1621 ለተወሰኑ ዓመታት በአገልጋይነት ሊሠራ ተዋውሎ ከእንግሊዝ መጣ። በ1635 ደግሞ 105 ሰዎችን ወደ ቅኝ ግዛቱ በማስመጣቱ 5,350 ኤከር መሬት ተሰጠው። ከዚህ ተነሥቶ ቤቱን በ1636 የሠራው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ በአሜሪካ ከቆሙት የጡብ ቤቶችም ቀዳሚው እንደሆነ ለረጅም ዘመን ሲነገር ኖረ። ቤቱ በ1957 ለጎብኚ ተከፈተ፣ በ1960 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተሰየመ።

እንጨቱ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ቤቱ የተሠራው በ1719 ገደማ ሆኖ ተገኘ። አዳም በ1640 ነው የሞተው፤ ስለዚህ ቤቱ ሲቆም እሱ ካረፈ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረም። የሠሩት ዘሮቹ ናቸው። የቀዳሚነቱም ስም በጄምስ ወንዝ ማዶ በሰሪ ካውንቲ ወዳለው፣ አርተር አለን በ1665 ወዳስገነባው ቤት ዞረ። ይህኛው የቤከን ካስል ይባላል፤ በ1676 በናታንኤል ቤከን የተመራው አመፅ ሲነሣ ተከታዮቹ ስለያዙት ነው እንጂ ቤከን ራሱ የኖረበት ቤት አይደለም። የእሱም ዓመት በእንጨቱ ምርመራ ተረጋግጧል።

ይህን የምንነግራችሁ የቶሮጉድን ቤት ለማሳነስ አይደለም። ቤቱ ዛሬም ብሔራዊ ቅርስ ነው፣ ከተማው ይጠብቀዋል፣ 1719 የሚለውንም ዓመት በይፋ ይናገራል። ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው እውነቱ ከየት እንደተገኘ ነው። የተገኘው ከቀድሞው ወራጅና ማገር ነው። በእድሳት ጊዜ አሮጌው እንጨት ተነቅሎ በአዲስ ተተክቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬም 1636 ሲባል ይኖር ነበር፤ ስህተቱንም የሚያርም አይገኝም ነበር።

ምርመራው እንዲህ ነው። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ ዝናብ በበዛበት ዓመት ሰፊ፣ በድርቅ ዓመት ጠባብ። ባለሙያው ከወራጁ የእርሳስ ያህል ውፍረት ያለው ናሙና ሰርስሮ ያወጣና የቀለበቶቹን ስፋት ለአካባቢው አስቀድሞ ከተዘጋጀው መዝገብ ጋር ያስተያያል። አንድ ናሙና አይበቃም፤ ከተለያዩ ወራጆች ብዙ ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱም ከ50 በላይ ቀለበት ቢኖረው ይመረጣል። ከሁሉ በላይ ወሳኙ የእንጨቱ የመጨረሻው ጠርዝ፣ ማለትም ቅርፊቱ የነበረበት ቦታ ነው። ያ ጠርዝ ካለ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት በትክክል ይታወቃል። አናጢ "ለማስተካከል" ብሎ ጠርዙን በመላጊያ ከጠረበው ግን የሚቀረው "ከዚህ ዓመት በኋላ" የሚል ግምት ብቻ ነው። ስለዚህ በቆጡና በምድር ቤቱ ያለውን ወራጅ፣ በተለይ ቅርፊት የቀረበትን፣ አታስጠርቡት፤ ነቀዝ የበላው ጫፍ እንኳ ቢሆን ሳትጠይቁ አትጣሉት።

ጡቡም የራሱን ይናገራል። የቶሮጉድ ቤት ሦስቱ ግድግዳዎች የእንግሊዝ በሚባለው አደራደር ተሠርተዋል፤ አንድ ረድፍ ጡብ በቁመቱ ይተኛል፣ ቀጥሎ ያለው ረድፍ ጠባብ ጫፉ ወደ ውጭ ሆኖ በራሱ ይገባል። አንደኛው ፊት ግን የፍሌሚሽ በሚባለው አደራደር ነው፤ በዚያው በአንዱ ረድፍ ውስጥ አንድ ጡብ በቁመቱ፣ አንዱ በራሱ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ይህ አደራደር ጊዜ ይወስዳል፣ ጥንቃቄም ይጠይቃል፤ ባለቤቱ እንግዳ በሚያየው ፊት ላይ ብቻ ያሠራው ለዚህ ነው። በጣሪያው ጠርዝ ሥር በጎኑ ግንብ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ግራጫ ጡቦች በረድፍ ተሰድረዋል። ቀለም የተቀባ እንዳይመስላችሁ። ጡቡ በእንጨት እሳት ሲተኮስ ለእሳቱ አፍ የቀረበው ክፍል ከአመዱ ጋር ይዋሐድና እንደ መስታወት ይሸፈናል።

በዚያ ዘመን ጡብ ከሩቅ አይገዛም ነበር፤ እዚያው እርሻው ላይ ይሠራ ነበር። ሸክላው በመከር ይቆፈርና ክረምቱን ሙሉ ውርጭ እንዲያፈረፍረው ተከምሮ ይቀመጣል። በጸደይ ውሃ ተጨምሮበት በእግር ወይም በእንስሳ ይረገጣል፣ አሸዋ በተነሰነሰበት የእንጨት ቅርጽ ይመታል፣ ለሳምንታት ይደርቃል። ከዚያ ራሳቸው ጡቦቹ ተከምረው ምድጃ ይሆናሉ፣ ለቀናት ያለማቋረጥ እንጨት ይነድበታል። ሲቀዘቅዝ ሁሉም አንድ ዓይነት አይወጣም። ከእሳቱ አጠገብ የነበረው ጠንካራ ነው፤ ከክምሩ ውጭ የነበረው ሮዝ መልክ ያለው፣ ለስላሳና ውሃ ጠጪ ነው። ጥሩ ግንበኛ ለስላሳውን ወደ ግንቡ ውስጥ ያስገባዋል።

ይህን ሸክላ የረገጡት፣ የሸከሙትና የተኮሱት በቨርጂኒያ እርሻዎች ላይ ብዙውን ጊዜ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። ስማቸው በአብዛኛው በውል ወረቀት ላይ የለም። በአንዳንድ ጡብ ላይ ግን ሳይደርቅ ያነሣው ሰው የጣት አሻራ ይገኛል። እንዲህ ያለ ጡብ ካገኛችሁ ፎቶ አንሡ፣ ከየትኛው ግንብ እንደወጣ ጻፉ፣ ከፍርስራሹ ጋር እንዳይሄድ ለይታችሁ አስቀምጡ። እነዚያ ሰዎች በገዛ እጃቸው የተዉት ሌላ ማስረጃ ብዙውን ጊዜ እንደማይገኝ አስቡት።

አሁን ወደ ኖራው እንምጣ፤ ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነውና። በአሜሪካ ፖርትላንድ ሲሚንቶ መመረት የጀመረው ከ1871 ወዲህ በፔንሲልቬንያ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ እርሻ ቤት ጡቡ የተያያዘው በአብዛኛው በኖራና በአሸዋ ነው። በባሕሩ ዳርቻ የኖራ ድንጋይ ስለሌለ ኖራው የሚቃጠለው ከኦይስተር ዛጎል ነበር፤ በመገጣጠሚያው ውስጥ ነጭ የዛጎል ስባሪ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

የኖራ ሞርታር፣ ማለትም ጡብን ከጡብ የሚያያይዘው የኖራና የአሸዋ ድብልቅ፣ ከጡቡ የለሰለሰ ነው። ድክመት አይደለም፣ ሥራው ነው። ግንቡ በሙቀትና በብርድ ሲንቀሳቀስ መገጣጠሚያው ይሸከምለታል፤ ዝናብ የጠጣው ግንብም እርጥበቱን የሚያወጣው በዋናነት በመገጣጠሚያው በኩል ነው። ሲሚንቶ ስትሞሉበት መውጫውን ዘጋችሁት ማለት ነው። ውሃው በጡቡ በኩል ለመውጣት ይገደዳል፤ የያዘው ጨው ከጡቡ ፊት ሥር ይከማቻል። ክረምት ሲመጣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝም 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ያን ጊዜ የጡቡ ፊት በቅርፊት መልክ ይረግፋል። ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ግንቡን ብታዩት ሲሚንቶው እንደ መረብ ፊት ለፊት ቆሟል፣ ጡቡ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። መገጣጠሚያ እንደገና መሞላት ይችላል፤ የሦስት መቶ ዓመት ጡብ ግን ሌላ የለም። በየትኛውም ጥገና የምንከተለው አንድ ደንብ ከዚህ ይመነጫል፦ አዲሱ ሞርታር ከጡቡም ከአሮጌው ሞርታርም የጠነከረ መሆን የለበትም።

ተቋራጮች ሆይ፣ አንድ የምትሳሳቱበት ቦታ አለ። በዕቃ መደብር "ታይፕ ኤስ" ተብሎ የሚሸጠው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ታይፕ ኤስ የኖራ ዱቄት ነው፤ ይህ ንጹሕ ኖራ ነው። ሌላው ታይፕ ኤስ ሞርታር ነው፤ በውስጡ ሲሚንቶ አለ፣ ለድሮ ጡብ እጅግ ጠንካራ ነው። ታይፕ ኤን የሚባለው ሞርታርም ሲሚንቶ አለበት። ከረጢቱን አዙራችሁ ይዘቱን አንብቡ። "ለስለስ ያለ ነው" የሚል የሻጭ ቃል አይበቃም።

የሞርታሩን ድብልቅ ለማወቅ ከግንቡ ያልተጠገነ ቦታ ጥቂት ቁራጭ ውሰዱ። መጀመሪያ በማጉያ መነጽር ተመልከቱ፤ የአሸዋው ቀለምና መጠን ምንድነው? ዛጎል አለው? ከዚያ በኋላ ነው ፈጭቶ በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማሟሟት፤ ኖራው ይሄዳል፣ አሸዋው ይቀራል። አሲዱ የዛጎሉንም ስባሪ ስለሚያሟሟ፣ አስቀድማችሁ ካላያችሁት ኖራው ከነበረው በላይ የበዛ ይመስላችኋል። ይህ ሥራ በጓንት፣ በዓይን መከላከያና አየር ባለበት ቦታ ይሠራ፤ ካልሆነ ለላቦራቶሪ መላክ ይሻላል። ብዙ ጊዜ መነሻ የሚሆነው ድብልቅ በስፍር አንድ እጅ በውሃ በርዶ የቆየ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ነው። አሸዋው የታጠበና ጠርዙ ሻካራ ይሁን፤ ደቃቁና ትልቁ የተቀላቀለበት። ቀለሙን የሚወስነው አሸዋው ስለሆነ ከአሮጌው ጋር የሚመሳሰል እስክታገኙ ፈልጉ።

አሠራሩ ደግሞ ይህን ይመስላል። የተፈረፈረውን መገጣጠሚያ ብቻ ክፈቱ፤ ደህናውን አትንኩ። ግንቡን በሙሉ መክፈት የሚያስፈልገው ጥቂት ጊዜ ነው፣ ዋጋውንም ያለምክንያት ያንራል። ጥልቀቱ የመገጣጠሚያው ስፋት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሁን፤ 10 ሚሊ ሜትር ለሆነ መገጣጠሚያ 25 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ኢንች ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ አዲሱ ሞርታር መያዣ ያጣና ተገንጥሎ ይወድቃል። በቀጭን መሮና በመዶሻ ሥሩ። የኤሌክትሪክ ግራይንደር በድሮ ጡብ ላይ፣ በተለይ በቁሙ መገጣጠሚያ ላይ፣ የጡቡን ጠርዝ ቆርጦ ያልፋል፤ መገጣጠሚያውም ለዘለዓለም ሰፍቶ ይቀራል። አቧራው ሳንባ የሚጎዳ ሲሊካ የሚባል ማዕድን ስላለው ተገቢው የመተንፈሻ ጭምብል ሳይደረግ አይሠራ።

ከዚያ በብሩሽ ጠርጉ፣ ግንቡን በውሃ አርጥቡ፤ ውሃ የቆመበት ግን አይሁን። ደረቅ ጡብ የሞርታሩን ውሃ ይመጥና ኖራው ሳይያዝ ዱቄት ይሆናል። ሞርታሩን በአንዴ አትሙሉት፤ በ6 ሚሊ ሜትር ገደማ ድርብርብ እየጠቀጠቃችሁ፣ አንዱ በአውራ ጣት ሲጫን አሻራ ለመያዝ ያህል ሲጠነክር ቀጣዩን ጨምሩ። በአንዴ የተሞላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ማጠናቀቂያውን ከአሮጌው ተማሩ። በቨርጂኒያ ቀደምት ቤቶች መገጣጠሚያው መሐል ለመሐል ቀጭን መስመር ብዙ ጊዜ ተሰምሮበታል፤ በጣሪያው ጠርዝ ሥር ዝናብ ያልደረሰበት ቦታ ፈልጉና ያንን አስመስሉ። ሙቀቱ ከ4 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይሁን። ከዚያ እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ለበርካታ ቀናት ውሃ በስሱ እየረጫችሁ ጠብቁት። ኖራ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመሳብ ነው፤ ይህም እርጥበትና ጊዜ ይፈልጋል። በእኛ አካባቢ በኅዳር መጨረሻ የሚጀመር የኖራ ሥራ ውርጭ ያበላሸዋል፤ ከመጀመሪያው ከባድ ውርጭ በፊት ቢያንስ አንድ ወር ይቅደም።

ግንቡን ከመንካታችሁ በፊት ግን ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ። የተሰበረ አሸንዳ ሳይጠገን መገጣጠሚያ መሙላት ገንዘብ መጣል ነው። የጣሪያ ውሃ ከግንቡ ራቅ ብሎ ይፍሰስ፤ አፈሩም ከቤቱ ወደ ውጭ በ3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘንብል። ከግንቡ ጋር የተጣበቀ የኮንክሪት ንጣፍ ውሃውን ወደ ጡቡ ይመልሳል። በአሸዋ ግፊት ማጠብ ፈጽሞ አይሞከር፤ በእሳት የጠነከረውን የጡብ ቆዳ ገፍፎ ለስላሳውን ለዝናብ ያጋልጠዋል። "ውሃ አያስገባም" እየተባለ የሚቀባው ኬሚካልም ውስጥ ያለውን እርጥበት ያፍናል።

ወደ ቤቱ ውስጥ ስትገቡ አሮጌውን ልስን ነቅሎ ድራይዎል መግጠም ለብዙዎች የመጀመሪያው ሥራ ነው። እዚህ ላይ በፌርፋክስ ከተማ ያለውን ብሌንሃይም የተባለውን የጡብ እርሻ ቤት እንድትጎበኙት እንለምናችኋለን፤ ለብዙዎቻችሁ ቅርብ ነው። በ1859 ገደማ የተሠራ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ በ1862 እና በ1863 የሰሜኑ ጦር ወታደሮች በግድግዳው ላይ ስማቸውንና ሥዕሎችን ጻፉበት፤ ከመቶ በላይ ጽሑፍ ተገኝቷል። ከታች ያለው በግድግዳ ወረቀትና በቀለም ተሸፍኖ ሲቆይ፣ በቆጡ ያለው ሳይነካ ደረሰ። ከተማው ቤቱን በ1999 ገዛ፤ ቆጡ ለጎብኚ ስለማይመች በአጠገቡ ባለው ማዕከል ልክ በልኩ ተመስሎ ተሠርቷል። ያንን ልስን አንድ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ሊያራግፈው ይችል ነበር። ስለዚህ ልስን ከመነቀሉ በፊት በየክፍሉ በጎን በሚበራ መብራት መርምሩ፤ በወረቀትና በቀለም ድርብርብ ሥር ያለውንም በትንሽ ቦታ ከፍታችሁ እዩ። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ቀለሙ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል፤ ለክፍያ የሚሠራ ተቋራጭ በውስጥ በአንድ ክፍል ከ6 ስኩዌር ጫማ፣ በውጭ ከ20 ስኩዌር ጫማ በላይ ቀለም ሲነካ የፌዴራል ሕግ የምስክር ወረቀት ይጠይቀዋል።

ስለ ሕጉ አጭር ነገር። ቤታችሁ በታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ ላይ ቢሰፍር በራሳችሁ ገንዘብ የምትሠሩትን መዝገቡ ብቻውን አይከለክልም። የሚከለክለው የአካባቢው ታሪካዊ ቀጠና ነው፤ በአሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ ለምሳሌ ከውጭ የሚታይ ለውጥ በቦርድ ይታያል። ቨርጂኒያ በተመዘገበ ቤት ላይ ብቁ ለሆነ እድሳት 25 በመቶ የግብር ቅናሽ ትሰጣለች፤ ለመኖሪያም ይሆናል። የፌዴራሉ 20 በመቶ ግን ገቢ ለሚያስገኝ ሕንፃ ብቻ ነው። ሁለቱም የጥገና ደረጃ አላቸው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ማመልከት ብዙ ጊዜ ቅናሹን ያሳጣል። ሥራ ሳትጀምሩ የክልሉን የታሪካዊ ሀብት መሥሪያ ቤት አነጋግሩ።

ለኮሚቴዎችና ለባለቤቶች የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ከተቋራጭ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን በውሉ ላይ አስገቡ፤ በጡብ ግንቡ ላይ ፖርትላንድ ሲሚንቶ እንደማይገባ፣ ግራይንደር ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እንደማይነካ፣ እና ሥራው ከመቀጠሉ በፊት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ሙከራ ከኋላ በኩል ተሠርቶ ደርቆ እንደሚታይ። ለተቋራጮች ደግሞ፦ ኖራ ካልሠራችሁ ሥራውን ለሚያውቅ አሳልፉ ወይም አብራችሁት ሥሩ፤ በአገራችን በኖራ ያደጉ አዛውንት ግንበኞች በመካከላችን አሉና እነሱን ጠይቁ። ቤቱ የግድ የሚፈርስ ከሆነም ከእያንዳንዱ ግንብ ሁለት ጡብ፣ አንድ ጡጫ ሞርታር፣ ቅርፊት ካለው ወራጅ አንድ ቁራጭ ይውሰድ፤ የወጣበት ቦታና ቀን ይጻፍበት፣ ከፎቶው ጋር ለካውንቲው የታሪክ ክፍል ይሰጥ።

ከአክብሮት ጋር
የድሮ ጡብና የኖራ ጥገና ባለሙያዎች